የዲያቆን ለሙኤል የከተማ ሚዛን

ዲያቆን ለሙኤል ፔታዌይ በቴነሲ ባለችው ቻተኑጋ ከተማ በገቡ በማግሥቱ፣ በነሐሴ ሐሩር፣ ከባለቤታቸው ከሚስ ኦዴሳ ጋር አንዲት ምሳ ቤት ገብተው የተጠበሰ አሳ አዘዙ። አሳው ገና ሳይቀርብ አንዲት ወጣት ከወዲያኛው ጠረጴዛ ብድግ ብላ መጣችና፣ "አውቶቡስ ቁጥር ዐሥራ አራት!" ብላ ፊታቸው ቆመች።

ዲያቆን ቀና ብለው አዩዋት፤ አላወቋትም።

"ጄሩሻ ነኝ፣ ሚስተር ለሙኤል! የቄስ ቴት የልጅ ልጅ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከኋላዎ ሁለተኛው ወንበር ላይ የተቀመጥኩት። ማስቲካዬን ያስተፉኝ ነበር!"

"አንቺ ነሽ? ታዲያ አሁንስ ታኝኪያለሽ?"

"አላኝክም፣ ጌታዬ።"

"እንግዲያው ልፋቴ መና አልቀረም። ተቀመጪ።"

ዲያቆን ለሙኤል በምዕራብ አላባማ ባለች ትንሽ መንደር ሠላሳ አንድ ዓመት የተማሪዎች አውቶቡስ የነዱ ሰው ናቸው። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ልጅ አላስጫሩም፤ ይህንንም ለሰማም ላልሰማም ይናገራሉ። ጄሩሻ ተምራ አሁን እዚሁ ቻተኑጋ፣ ሰው በእግሩ የት የት መድረስ እንደሚችል እየለካች መንገድ የምታስጠርግ ባለሙያ ሆናለች። ዲያቆን ይህን ሲሰሙ ሳቃቸውን መቆጣጠር አልቻሉም።

"ለመራመድ ደመወዝ ይከፍሉሻል? ኦዴሳ፣ ሰማሽ? እኔ በነዳሁበት ዘመን ሁሉ ልጅቷ መራመድ ስትማር ኖራለች!"

ሚስ ኦዴሳ ግን አልሳቁም። በበረዶ የቀዘቀዘውን ጣፋጭ ሻያቸውን እያማሰሉ፣ "ጄሩሻ፣ የኔ ማር፣ እግዜር ነው ያመጣሽ። እስኪ ይህን ሰውዬ አነጋግሪልኝ። ሰኞ ሊፈርም ነው" አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእነ ዲያቆን መንደር እያለቀች ነው። የምግብ ሸቀጥ ሱቁ ተዘጋ፤ ክሊኒኩም ተከተለው፤ ለሐኪም አንድ ሰዓት መንዳት ግድ ሆነ። ባልና ሚስቱ ቤታቸውን ሸጠው ወደ ከተማ ለመግባት ቆርጠዋል። ትልልቆቹ ከተሞች ያስፈሯቸዋል፤ ስለዚህ መካከለኞቹን ሲያማርጡ ከረሙ። በየካቲት ሀንትስቪልን፣ በግንቦት ግሪንቪልን አዩ፣ አሁን ቻተኑጋ ናቸው። ከሀንትስቪል ዐሥራ ሁለት ማይል ወጣ ብሎ፣ ሁለት ኤከር ሣር ያለው፣ ሦስት መኪና የሚያስገባ ቤት ተገኝቷል። ዲያቆን ልባቸው እዚያ አርፏል። ሚስ ኦዴሳ ግን ሦስተኛውን ሳላይ አልፈርምም ብለው ነው እዚህ የመጡት።

"ሦስቱንም መዝኛቸዋለሁ፤ እኔ እንደ ዘመኑ ሰው ጋዜጣ የደረደረውን የከተሞች ዝርዝር አላምንም። የራሴ ሚዛን አለኝ" አሉ ዲያቆን፣ ከሸሚዛቸው ኪስ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አውጥተው።

ሚዛኑ ይህ ነው። በዚያ አገር ሰው ሲነዳ ከፊቱ ለመጣ ሁሉ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ ሌባ ጣቱን ከመሪው ላይ ብድግ ያደርጋል። ሰላምታ ነው። የማያነሣ ሰው ወይ ኩሩ ነው ወይ ሐዘን ላይ ነው። ዲያቆንም በየከተማው ሰፈር ለሰፈር ቀስ ብለው እየነዱ ለኀምሳ ሰው ጣታቸውን ያነሣሉ፤ ስንቱ እንደመለሰላቸው ይጽፋሉ።

"ሀንትስቪል፣ ከኀምሳ አርባ አንድ። ግሪንቪል ሃያ ሁለት። እንዳታዝኚብኝ ልጄ፣ የአንቺ ቻተኑጋ ዛሬ ጠዋት ስድስት። ስድስት! እኔ እዚህ ብሞት ማን ሊቀብረኝ ነው?"

ጄሩሻ ሳቀች፤ ግን ነገሩን አልናቀችውም። ያደገችው እዚያው መንደር ነውና ጣት ማንሣት ምን እንደሆነ ታውቃለች።

"ሚስተር ለሙኤል፣ ይቅርታዎን አስቀድሜ ልጠይቅና፣ ጣት ማንሣት ጎረቤት ያደርጋል?"

"እንዴት አያደርግ! እናቴ የሞተች ዕለት ስንቱ ሰው ድስት ተሸክሞ በረንዳዬ ላይ እንደቆመ አያትሽ ይነግሩሽ ነበር። ያ ሁሉ ድስት የመጣው ጣቱን ከሚያነሣ ሰው ነው።"

"ልክ ነዎት። ግን እነዚያ ሰዎች አርባ ዓመት አብረዋችሁ ቤተ ክርስቲያን የተቀመጡ ናቸው። እርስዎ አሁን የሚለኩት በመስታወት ውስጥ ሽው ብሎ ያለፈን ሰው ነው። ስሙን አያውቁት፣ ቤቱን አያውቁት። ዐሥራ ሁለት ማይል ወጥተው ሁለት ኤከር መሀል ሲቀመጡ ድስቱን ማን ያመጣዋል?"

"መኪና ያለው ያመጣዋል።"

"እርስዎስ ቤተ ክርስቲያን እንዴት ይሄዳሉ?"

"ነድቼ።"

"ወደ ሐኪምስ? ወደ ገበያስ? ጸጉር ቤትስ?"

"ነድቼ፣ ነድቼ፣ ነድቼ! ልጄ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ነድቻለሁ። መሪ በእጄ ሳለ ምን ይጎድልብኛል?"

ሰው ደህና ሳለ ቤት ሲመርጥ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለሁለት ኤከር ሣርም ይሠራል። ዲያቆን ለሙኤል ግን ገደሉን ያላዩት ሣሩ ስለጋረዳቸው ብቻ አልነበረም፤ ይህም ወዲያው ሊወጣ ነው።

ሚስ ኦዴሳ ደብተሩን ሳብ አድርገው አነበቡ። ግንባራቸው ተኮሳተረ።

"ለሙኤል፣ ስድስት ያልከው ዛሬ ጠዋት የሄድንበትን ነው?"

"ሌላ የት ሄድን?"

"ፖስተኛው እጁን አውለበለበልህ። ውሻ የያዘችው ሴትዮም። ጣሪያ የሚሠሩት ልጆች ሦስቱም አንድ ላይ ሰላም ብለውሃል። እኔ አጠገብህ ተቀምጬ አየሁ እኮ። አንተ ፊትህን ቀጥ አድርገህ አለፍካቸው። ከኔ ጋር ተኳርፎ ነው ብዬ ዝም አልኩ።"

"አላነሡም።"

"አነሡ! ግሪንቪልም ያው ነው። ከፏፏቴው አጠገብ ያ ሽማግሌ ባርኔጣውን ሁሉ አውልቆልህ ነበር። 'ምነው ለሙኤል እንዲህ ኮራ' ብዬ አፍሬያለሁ።"

አሳው ቀረበ፤ ማንም አልነካውም። ዲያቆን ቁጥሮቹን በአእምሯቸው አመላለሱ፣ የካቲት አርባ አንድ፣ ግንቦት ሃያ ሁለት፣ ነሐሴ ስድስት። ከተሞቹን ሲመዝኑ ከርመው የመዘኑት የራሳቸውን ዓይን ነበር።

ሚስ ኦዴሳም ለካ እዚያው ደርሰዋል።

"ለሙኤል፣ እዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰሌዳ አንብብልኝ" አሉ።

"የምግብ ዝርዝር ነው።"

"ምን ይላል?"

"አሳ ይላል። ጎመን ይላል።"

"'መጸዳጃ ቤት በስተግራ' ነው የሚለው" አሉ ሚስ ኦዴሳ።

ዲያቆን ሹካቸውን አስቀመጡ። "ጥር ላይ ሐኪሙ ነገረኝ። ከመሀል እየጠፋ ነው። ዳር ዳሩን አያለሁ፤ መንገዱን አያለሁ፤ የሰው እጅና ፊት ግን አይታየኝም። ከሚቀጥለው ገና በኋላ እንዳትነዳ ብሎኛል።"

"ጥር ላይ! በዚህ ዓይንህ ስምንት ወር ስታመላልሰኝ ከረምክ?"

"ኦዴሳ..."

"የሰው ልጅ ብትገድልስ! አንድ ልጅ አላስጫርኩም እያልክ የምትኩራራው ሰውዬ!"

ሚስ ኦዴሳ አለቀሱ፤ ከሐዘናቸው ንዴታቸው ይበልጥ ነበር። ዲያቆንም አንገታቸውን ደፉ። "ፈራሁ" አሉ በመጨረሻ። "መንዳት ካቆምኩ ምን ቀረኝ? መሪ ከጨበጥኩ ጀምሮ ማንም አድርሶኝ አያውቅም፤ ሁሉን የማደርሰው እኔ ነኝ።"

ጄሩሻ ይህን ጊዜ መምህር ልሁን አላለችም፤ ይህ ጨዋነቷ ነው። "ሚስተር ለሙኤል፣ አሁን ጥያቄው ተለወጠ እንጂ አልጠፋም። ከተማ የሚመረጠው ጉልበት ባለበት ቀን ሳይሆን ጉልበት በሚከዳበት ቀን ነው። ኑ፣ በእግራችን እንውጣ" አለች።

ወጡ። ዲያቆን በአንድ ወገን ሚስ ኦዴሳን ይዘው፣ እያጉረመረሙ ተራመዱ። እግረኛ መንገዱ ሰፊ ነበር። ለሰው ብቻ በተተወው ድልድይ ላይ ሲደርሱ ነፋሱ ከቴነሲ ወንዝ እየተነሣ ላባቸውን አደረቀው። ዲያቆን ግራ ቀኝ እያሉ፣ "መኪና የታለ?" ብለው ጠየቁ። "አይመጣም፣ ጌታዬ" አለች ጄሩሻ። እጃቸውን ከሚስ ኦዴሳ ክንድ ለቀው ጥቂት እርምጃ ብቻቸውን ሄዱ።

አግዳሚ ላይ አሳ ማጥመጃ ታቅፎ የተቀመጠ ሽማግሌ "እንደምን ዋላችሁ" አላቸው። ዲያቆን ድምፁን ሰምተው ዞሩ። ስለ አሳ ተጀመረ፤ ስለ ማጥመጃ ቀጠለ፤ የማን ልጅ ነህ፣ የት ቤተ ክርስቲያን ነህ ተባለ፤ የሰውዬው እናት ከዲያቆን አጎራባች መንደር መሆኗ ተገኘ። ሃያ ደቂቃ አለፈ። ሚስ ኦዴሳ ቆመው እግራቸውን አመማቸው።

ሲመለሱ ገንዘብ የማይጠየቅበት የመሀል ከተማ አውቶቡስ ላይ ወጡ። ዲያቆን ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጠው አነዳዱን በጆሯቸው መረመሩ። "ፍሬን ላይ ይቸኩላል" ብለው ፈረዱ፤ ከዚያም ተደላደሉ። ክርክራቸው ግን ገና አላለቀም ነበር።

"እሺ፣ ጓሮዬስ? ቲማቲሜስ?"

"ሁለት ኤከር ማን ያጭደዋል? እናንተ የምትፈልጉት ስድስት ችግኝ ነው። በረንዳ ይበቃዋል።"

"ቻተኑጋ ዳገት ይበዛዋል።"

"ይበዛዋል። ሙቀቱም አይማርም፤ የቤት ኪራዩም እየጨመረ ነው። አልዋሽዎትም። ሀንትስቪልም መጥፎ ነው አላልኩም፤ ግሪንቪልም ያማረ ነው። እዚያም ሱቁ፣ ሐኪሙና ቤተ ክርስቲያኑ በእግር የሚደረስበት ሰፈር ይኖራል። እኔ የምለው ዐሥራ ሁለት ማይል የወጣው ቤት ይቅር ነው። እዚያ መኪናው የቆመ ቀን እናንተም ትቆማላችሁ።"

"ኦዴሳ መንጃ ፈቃድ አላት" አሉ ዲያቆን፣ የመጨረሻዋን ጥይት ሲተኩሱ።

"አለኝ። ለአርባ ዓመት አሳድሼዋለሁ፤ መሪ ግን አስጨብጠኸኝ አታውቅም" አሉ ሚስ ኦዴሳ። "እኔም ስድሳ ዘጠኝ ሞልቶኛል፣ ለሙኤል። የኔ ዓይን ለስንት ዓመት ዋስ ይሆንሃል? ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነው።"

ዲያቆን ከአውቶቡሱ ሲወርዱ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደው የመኪናውን ቁልፍ አወጡና ለሚስታቸው ሰጡ። "ሰኞ ደውለን አንፈርምም እንበላቸው" አሉ። አላባማ እስኪደርሱ አራት ሰዓት ሙሉ ሚስ ኦዴሳ ነዱ፤ ዲያቆን ደግሞ አራት ሰዓት ሙሉ ምክር ሰጡ። ሚስ ኦዴሳ አንዱንም አልተቀበሉም፤ በሰላም ገቡ።

በኅዳር ወር ቻተኑጋ ገቡ። ቤቱ ሁለት መኝታ ብቻ ነው፤ በረንዳዋ ሁለት ወንበርና ስድስት የቲማቲም ማሰሮ ትይዛለች። ጥቅሙ ግን ባጭር ጊዜ ታየ። ሐኪም ቤቱ በአውቶቡስ ዐሥር ደቂቃ በመሆኑ ዲያቆን ቀጠሮ አላለፋቸውም፤ መድኃኒታቸውን በወቅቱ በመውሰዳቸውም የቀረው የዓይናቸው ብርሃን ባለበት ጸና። ሚስ ኦዴሳ በየቀኑ ስለሚራመዱ ጉልበታቸው በረታ። ባለፈው ወር ጉንፋን ሲይዛቸው ሁለት ጎረቤቶች የዶሮ ሾርባ ይዘው በረንዳው ላይ ቆሙ፤ ሁለቱም በእግር የመጡ ናቸው። ብዙ ሰው ከተማ ሲያማርጥ ሣሩንና የክፍሉን ብዛት ይቆጥራል። ማየት ያቆምኩ ዕለት እንጀራዬን፣ ሐኪሜንና ወዳጄን እንዴት አገኛለሁ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እርጅና ሳይመጣ የጠየቀ ሰው እርጅናውን ያለ እስር ቤት ይኖረዋል።

አንድ ረቡዕ ዲያቆን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ነበራቸው። ሚስ ኦዴሳ ወገባቸውን ስላመማቸው ሊያደርሷቸው አልቻሉም፤ ጄሩሻም ሥራ ላይ ነበረች። "ዛሬ ቅር" ቢሏቸው ዲያቆን ነጩን በትራቸውን አንሥተው ወጡ። ሚስ ኦዴሳ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከመስኮቱ አልተነቃነቁም። በመጨረሻ የበሩ እጀታ ሲዞር ተነሥተው ሮጡ።

"ማን አደረሰህ?"

ዲያቆን ለሙኤል ባርኔጣቸውን አወለቁ። ፊታቸው በላብ ርሶ ነበር፤ ደስታቸውን ግን መደበቅ አልቻሉም።

"ማንም" አሉ። "ብቻዬን ሄጄ ብቻዬን መጣሁ።"