ገመዱ ያልታሰረው መልህቅ

ይህን ያጫወቱኝ ከአንድ ቧንቧ ውሃ የምንቀዳው ጎረቤቴ ሼህ እንድሪስ ናቸው። የልጅ ልጃቸውን ሊያገባ የመጣው ሰይድ፣ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ እየሠራ "መርከበኛ ነኝ" ብሎ ቤተሰቡን ሸራ፣ መቅዘፊያ፣ መልህቅ እያለ ያስተምር ነበር። እኔ ደግሞ "ኮምቦልቻ ባሕሩ የታለ?" ብዬ ሼሁ ጆሮ ጣል አደረግኩ። "ዋሽቶ ከሆነ የልጅ ልጄን አልሰጠውም" አሉና ሐይቅ ወስደው አብረውት ጀልባ ላይ ተሳፈሩ።

መሃል ሲደርሱ "እስቲ አቁማት" አሉት። ሰይድ "መልህቅ ተጣለ!" ብሎ ብረቱን ወረወረው። ገመዱን ከጀልባዋ ጋር አላሰረውም ነበርና ገመዱም ብረቱን ተከትሎ ሰመጠ፤ ጀልባዋን ነፋስ ይዟት ሄደ።

"ወላሂ መልህቁስ ቆሟል፤ የምንሄደው እኛ ነን!" አሉ ሼሁ።

"ይቅር ይበሉኝ አባባ፣ እኔ ኮንቴይነር አውራጅ ነኝ። መርከብ የማውቀው በስልክ አይቼ ነው።"

"ማውረድ ነውር ነው እንዴ? ቀድመህ እንዲህ አትለኝም!"

ነፋሱ ዳር ካደረሳቸው በኋላ ኒካው ታሰረ። ሰይድ ኮንቴይነሩን ያወርዳል፣ መልህቁ ሐይቁ ውስጥ ነው፣ ነገሩን የጫርኩት እኔ ግን ለሠርጉ አልተጠራሁም።