ወተቱ የገነፈለበት ዝሆን

እንደምን ዋልሽ ልጄ? እስቲ አረፍ ልበል… ይቺ ወንበር ለአራት ዓመት ልጅ የተሠራች አይደለችም እንዴ? ግዴለም፣ ግማሼ ይቀመጥ፣ ግማሼ ይቆማል። አንቺስ ከጠዋት ጀምሮ ቆመሽ መጽሐፍ ስትሸጪ እግርሽ አላለቀም? የመዋዕለ ሕፃናቱ አዳራሽ ግን ያምራል። ግድግዳው ላይ የልጆቹ የእጅ አሻራ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ… እያንዳንዱ እጅ ሥር የባለቤቱ ስም ተጽፏል አሉ። እንዴት ደስ ይላል! ይህ እጅ የእገሌ ነው ብሎ ከልጅነት ማስለመድ ጥሩ ነው። ሲያድጉ የሚረሱት መኖራቸው ያሳዝናል እንጂ።

እስቲ አንዱን ስጪኝ ልየው። እኔ እንኳ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ሥዕሉን ነው የማየው… ኧረ? ገልብጬ ነው የያዝኩት? እኔ ደግሞ ዝሆኑ በጣሪያ ላይ የሚሄድ መስሎኝ ማድነቄ!

ያቺን ልጅ አየሻት፣ ምንጣፉ ላይ ጭማቂ የምትጠጣውን? የልጄ ልጅ ናት። ሚጢጢ ነው የምላት። ባለፈው ሳምንት ይህን መጽሐፍ አምጥታ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "አያቴ፣ ያንን የዝሆን ተረት ለካ ከዚህ ሰርቀሽ ነው!" እኔ! መጽሐፍ በየት በኩል እንደሚከፈት የማላውቀው እኔ! እሷ ከመወለዷ በፊት፣ ለእናቷም ሳይቀር ያወራሁትን ዝሆን። ታውቂዋለሽ መቼም፣ አራት ጫማ ይገዛል፣ አንዱ ይጠበዋል፣ የትኛው እንደሆነ ግን ይጠፋዋል። ከዚያማ መንገደኛውን ሁሉ እያስቆመ "እባክህ፣ የትኛው እግሬ ነው የሚያመኝ?" እያለ መጠየቅ ነው። ይኸው መጽሐፉ ከመጣ ወዲህ ጭኔ ላይ መውጣት ተወች። "ባለቤቱ ጽፎታል፣ ካንቺ አልሰማም" ትለኛለች። ስድስት ቀን ሆነ። ስድስት ቀን ሙሉ ጭኔ በረደኝ… ይሁን፣ እሱን ተይው።

ስለ አንድ ጎረቤቴ ላጫውትሽ እንጂ። ስሙን አልጠራም፣ ሐሜት ይሆናል። ከእኔ በላይ ያለው ቤት ነው የሚኖረው። እዚያ ጠረጴዛ ጋ እየፈረሙ ያሉትን ጌታዬን ማለቴ አይደለም። ምን በወጣቸው! እሳቸው ደራሲ ናቸው። ድምፄ ከፍ ካለብሽ ይቅርታ ልጄ፣ ጆሮዬ ደክሟል፣ ራሴን የምሰማው ስጮህ ብቻ ነው።

ጎረቤቴ ጨዋ ሰው ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አምፑል ልቀይርበት ብሎ መሰላል ሊዋስ መጣ። ሚጢጢ ጭኔ ላይ ናት፣ እኔም ዝሆኔን ጀምሬያለሁ። "አረፍ ልበል እማማ?" አለኝ። አረፈ። ስልኩን የሶፋው ክንድ ላይ አስቀምጦ ጸጥ! ተረቱ ሲያልቅ አመስግኖ ወጣ፣ መሰላሉን ሳይወስድ። በማግስቱም መጣ። መሰላሉን ሳይወስድ ሄደ። በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው። ልጄ ሙች፣ በዚህ ዘመን ሦስት ቀን ሰው ቤት ገብቶ ባዶ እጁን የሚወጣ ስንቱ ነው? አስተዳደጉን አየሽልኝ? ግድግዳ ጆሮ አለው ሲሉ እሰማ ነበር፣ ኪስም እንዳለው የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው።

የዱሮ ሰዎች ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው ይሉ ነበር። ምን ያድርጉ፣ ማተሚያ ቤት አያውቁም።

ለካስ ጎረቤቴም መጽሐፍ ጽፏል! የሱም ስለ ዝሆን ነው አሉ። ዘንድሮ ዝሆን ምነው በዛ? አጻጻፉን የነገረችኝ ጽሑፍ የመታችለት ልጅ ራሷ ናት። ስልኩ ውስጥ ያለውን ድምፅ ሰጣት፣ እሷም የሰማችውን አንዲት ቃል ሳታጎድል መታችው። ሠዓሊው ደግሞ የተጻፈለትን አንዲት ቃል ሳያጎድል ሣለው። ታማኝ፣ በታማኝ ላይ! መሃል ላይ አንብቦ የሚያይ አንድ ሰው ጎደለ እንጂ…

ወደዚህኛው መጽሐፍ ልመለስ። ጌታዬ ቅድም ሲያነቡ ሰማሽ አይደል? "ዝሆኑም ሦስተኛውን ጫማ አጠለቀ። ኧረ ያ ወተት! ገነፈለ እኮ! ዝሆኑም መንገዱን ጀመረ።" ይኸው ሥዕሉ። ዝሆኑ በኩምቢው ድስት አንጠልጥሎ፣ ወተቱ ጫማው ላይ እየተንዠቀዠቀ። ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። የማየው ድስት የኔ ድስት መስሎኝ አፈርኩ። እኔ ያን የመሰላሉን ቀን ምድጃዬን ሳጸዳ አመሸሁ፤ ለካ ለታላቅ ነገር ነው የገነፈለው!

ጌታዬ ግን ወተቱ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ። ሳይጠራ የመጣ እንግዳ በር ላይ እንዳጋጠመው ሰው፣ አንዴ መጽሐፉን፣ አንዴ ሽፋኑን። አንቺዬ፣ ትሕትና ማለት ይህ አይደለም? ሰው የገዛ መጽሐፉን አሁን ገና እንዳየው አድርጎ ሲያነበው! አስተማሪዋም "ይህ ወተት ምንድን ነው?" ስትላቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው "የእናት ፍቅር ምሳሌ ነው" አሉ። አላለቀስሽም? እኔ አለቀስኩ።

ከዚያ ዝሆኑ "እህ፣ እህ፣ እህህህ" ይላል። አንድ ገጽ ሙሉ ሳል። ያ ጥርሱ የወለቀ ልጅ "ለምን ይስላል?" አለ። "የውስጥ ጭንቀቱ ነው" አሉት። ተመልከቺ እንግዲህ! እኔ ጉንፋን ነው ብዬ ሐኪም ቤት ሄጃለሁ። ይህን ያህል ጥልቅ መሆኔን ማን ነገረኝ?… ዝሆኑን ማለቴ ነው። "መነጽሬን ያያችሁ" የሚለውስ? ለዝሆኑ መነጽር ተሣለለት፣ ግንባሩ ላይ። እሱም ምሳሌ ነው፣ የምን እንደሆነ እንኳ ጠፋኝ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ። ውሸት ነው ልጄ! ተመልከቻቸው እስቲ፣ ፊታቸው እንዴት ቀልቶ እንደደመቀ።

መቼም የመጨረሻው ገጽ ግሩም ነው። "አንቺ ሚጢጢ! እግርሽን ከሆዴ ላይ አንሺ! ስንቴ ልንገርሽ?" ሥዕሉ ላይ አንዲት ቁንጣሪ የምታህል አይጥ፣ ዝሆኑ ሆድ ላይ እግሯን ሰቅላ ተንጋላለች። ይህን ሲያነቡ ነው የኔዋ ልጅ ብድግ ያለችው። "ሚጢጢ እኮ እኔ ነኝ! እግሬን አያቴ ሆድ ላይ ሰቅዬ ነበር!" ጌታዬ በትዕግሥት "አይ የኔ ቆንጆ፣ ይቺ አይጥ ናት" አሏት። ልጅ መቼ ያምናል? ጫማዋን አወለቀች፣ ካልሲዋን አወለቀች፣ እግሯን ጠረጴዛቸው ላይ አወጣችላቸው። "ይኼ እግር ነው! እዩት!" አለች። አዳራሹ በሙሉ ተነሥቶ እግሯን አየ። አስተማሪዋ መነጽሯን አድርጋ አየች። እሳቸው ብቻ ቀና አላሉም፣ ትልቅ ሰው አይደሉ? "ልጆች ምናባቸው ሰፊ ነው" ብለው ሳቁ። እውነታቸውን ነው። መሰላል የሚያስፈልገው ለአዋቂ ነው።

ወይ፣ መጣች… ነይ የኔ ዓለም፣ ካልሲሽስ? ምን?… ጭኔ ላይ? በዚች ግማሽ ወንበር?… ነይ፣ ውጪ፣ ቀስ። ምን አልሽ? በጆሮዬ አታንሾካሽኪ፣ አልሰማም… ተረት? አሁን? መጽሐፍ ላይ የሌለ? ሰማሽ ልጄ፣ መጽሐፍ ላይ የሌለ አለች! በስድስተኛው ቀኗ… ዓይኔ ምን ሆነብኝ፣ አቧራ ነው መሰለኝ። አለኝ የኔ እናት፣ ቤት ስንገባ አወራልሻለሁ። ባርኔጣዋን የበላች ቀጭኔ አለች። የቤቴም በር እንደወትሮው ክፍት ነው። ከላይ የሚወርድ ጎረቤት ካለም ይውረድ፣ ሶፋው አይጠበንም።

እንግዲህ ልሂድ ልጄ። መጽሐፉን መልሰሽ ደርድሪው፣ እኔ ሰምቼዋለሁ። ስለ ጎረቤቴ ክፉ ቃል ከአፌ እንዳልወጣ አንቺ ምስክሬ ነሽ። እንዲያውም መርቄው ልነሣ። ፈጣሪ ጤናውን ይስጠው። ቤቱን ሙሉ ያድርግለት። የራሱ የሆነች አንዲት ተረት ከአፉ እስክትወጣ ድረስ፣ ሞት የሚባል ነገር በደጁ አይለፍ። አሜን በይ እንጂ ልጄ… ጌታዬ፣ እርስዎም አሜን ይበሉ!