ደረጃውን ያልወጣው ገዢ

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከመጀመሪያው ልነሳ። በአየርላንዷ ናቫን ከተማችን በየዓመቱ በሐምሌ ቄሱ መቃብሮቹን የሚባርኩበት እሑድ አለ። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት የሟቹን ሐውልት ያላጠበ ቤተሰብ ዓመቱን ሙሉ ሲታማ ይከርማል። እኔም ሐሜቱን ፈርቼ ባልዲና ብሩሽ ይዤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወደ ባለቤቴ መቃብር ሄድኩ። እዚያም ጎረቤቴን ወይዘሮ ኖሪን ጌራቲን የባላቸውን ሐውልት ተንበርክከው ሲፈትጉ አገኘኋቸው።

«መምህር ኮልማን፣ እንኳን መጡልኝ» አሉኝ። «ደስታዬን የምነግረው ሰው አጥቼ ነበር። ቤቴ ገዢ አገኘ።»

እውነቱን ልናገርና ደስታቸው አልተጋባብኝም። የእሳቸውንና የእኔን ቤት የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። ወይዘሮ ኖሪን አርጅተው ጎልዌይ ወዳለችው ልጃቸው ሊሄዱ ነው፤ እኔ ግን የትም አልሄድም። ከግድግዳው ማዶ ማን ይገባ ይሆን የሚለው ሐሳብ ሲያስጨንቀኝ ሰንብቷል።

«ማን ሊገዛው ነው?» አልኳቸው።

«ሁለት ናቸው የመጡት፤ ዋጋቸው እኩል ነው። ደላላው ‹መምረጥ የእርስዎ ነው፣ ነገ ጠዋት ቁርጡን ይንገሩኝ› ብሎኛል። እኔ እንደሆን ምኑን እመርጣለሁ? አንደኛው አቶ ዴክላን ይባላል፤ የሮስኮመን ሰው፣ የአገሬ ልጅ። የአያቶቼን መንደር አሳምሮ ያውቀዋል። ሐይቁ ዳር የፈረሰውን የቤታችንን ግድግዳ ሳይቀር አንስቶ አጫወተኝ። እንባዬ መጣ እልዎታለሁ።»

«ሁለተኛውስ?»

ፊታቸው ጨፈገገ። «ህንዶች ናቸው። ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ፣ ባሏና አንዲት ሴት ልጅ።»

«ህንዶቹ ምን አጠፉ፣ እትዬ ኖሪን?» አለ ከኋላችን አንድ ድምፅ። ኢመር ነበረች። የአያቷን መቃብር ልታጥብ መጥታለች። ፊደል ያስቆጠርኳት ልጅ ናት፤ ዛሬ እሷም ደብሊን አጠገብ ታስተምራለች።

«ምንም አላጠፉም» አሉ ወይዘሮ ኖሪን። «ግን አገሩን ገዝተው ሊጨርሱት ነው። ዛሬ ባልና ሚስት ሆነው ይገባሉ፣ ነገ አጎት ይመጣል፣ ከነገ ወዲያ የአጎት ልጅ። አንድ ክፍል ውስጥ አሥር ሰው።»

«እርስዎ ስንት ሆናችሁ ነው ያደጋችሁት?»

«አሥራ አንድ ነበርን።»

«በስንት ክፍል?»

«በሁለት። ግን የእኛ ሌላ ነው» ብለው ብሩሻቸውን ባልዲው ውስጥ ነከሩ። «ደግሞ አንቺ ምን አፍ አለሽ? እኔ የምንገበገበው ላንቺ ነው። የአገሩ ልጅ ሆነሽ፣ ተምረሽ፣ ሥራ ይዘሽ፣ ቤት አጥተሽ ትንከራተቻለሽ።»

«ለእኔ ብለው ከሆነማ ይስሙኝ። ከእጄ ላይ ቤት የነጠቀኝ ህንድ አይደለም። አምና እኔና እጮኛዬ ልንገዛው የነበረውን ቤት ገና ቀለሙ ሳይደርቅ አንድ ኩባንያ ከነመንደሩ ጠቅልሎ ወሰደው። አሁን እዚያው መንደር ተከራይቼ እኖራለሁ። ባለቤቱን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ጣራው ሲያፈስ የምደውልበት ቁጥር ሰጥተውኛል። ማሽን ነው የሚያነሳው፤ ‹ለጣራ ሁለትን ይጫኑ› ይለኛል። ሁለትን ስጫን ክረምቱ አለቀ።»

«እኮ! ኩባንያው የውጭ አይደል? እኔስ ምን አልኩ?»

«የውጭ ነው። ገሚሱ ገንዘብ ግን የእኛው ሰዎች የጡረታ ቁጠባ ነው ይባላል። ከየትም ይምጣ፣ እኔን የጎዳኝ አገሩ አይደለም። ‹ኧረ ጣራው› ብዬ የማንኳኳው በር ማጣቴ ነው።»

«አቶ ዴክላን ግን ሰው ነው፤ ኩባንያ አይደለም። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ሲባል አልሰማሽም?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ፤ ቤቱ የእኔ አይደለም። ግን አርባ ዓመት ያስተማረ ሰው አፉን መዝጋት አይሆንለትም። «ለመሆኑ» አልኳቸው፣ «ሁለቱ ገዢዎች ቤቱን ሲያዩ እንዴት ነበር?»

ወይዘሮ ኖሪን ይህን ጥያቄ ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል ተቃንተው ተቀመጡ። «ህንዶቹማ ጉድ ነው ያሳዩኝ። ቧንቧውን ሁሉ እየከፈቱ ይዘጋሉ። ባልየው በባትሪ ጣራው ሥር ገብቶ ሲያነፈንፍ ቆየ። ልጅቷ ፎቅ ላይ የጓሮው ክፍል ውስጥ ወለሉ ላይ ተጋድማ ዛፉ በመስኮት ይታይ እንደሆነ ትመለከታለች። ሴትዮዋ ደግሞ ‹ከግድግዳው ማዶ ያሉት ሰው ጩኸት ይረብሻቸዋል ወይ?› ብላ ስለ እርስዎ ጠየቀችኝ። ላም ሊገዛ የመጣ ገበሬ ጥርስ እንደሚያይ አደረጉኝ፤ ተናደድኩ።»

«አቶ ዴክላንስ?»

«እሱ ጨዋ ነው። ከኩሽና አልወጣም። ሻዩን ጠጥቶ፣ ተጫውቶ ሄደ። ‹ፎቁን ላሳይህ› ስለው ‹አያስፈልግም እናቴ፣ ጉልበትዎን አያድክሙ› አለኝ።»

ብሩሼን አስቀመጥኩ። «ደረጃውን አልወጣም ነው የሚሉኝ?»

«አልወጣም።»

«ታዲያ የት ሊተኛ ነው?»

ኢመርም አላሳለፈችውም፤ «እትዬ ኖሪን፣ እርስዎ ጫማ እንኳ በሁለቱም እግርዎ ሳይለኩ አይገዙም» አለቻቸው።

«አሁን ደውዬ ሁለታችሁንም አፍ አስይዛችኋለሁ» አሉና ስልካቸውን አወጡ። ጆሯቸው ስለደከመ ሁልጊዜ ድምፁን ለቀው ነው የሚያወሩት፤ እኛም ቃል በቃል ሰማን።

«አቶ ዴክላን፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከመኝታ ክፍሎቹ የትኛው ውስጥ ልትተኛ ነው?»

ሰውዬው ሳቀ። አሳሳቁም ደስ ይላል። «እኔማ ቤት አለኝ እናቴ። የምገዛው ለደንበኞቼ ነው።»

«እነማን ናቸው?»

«ኩባንያ ነው። ቢሮው ሉክሰምበርግ ነው፤ ባለ አክሲዮኖቹ ከየአገሩ ናቸው።»

«ናቫንን ያውቋታል?»

«ኧረ አየርላንድንም አያውቋት። እርስዎን ምን ቸገረዎት? እኔ አለሁ አይደል? የአገርዎ ልጅ።»

ወይዘሮ ኖሪን ደህና ሁን ሳይሉት ስልኩን ዘጉ። ከመቃብሩ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ከዚያም እንዲህ አሉ፤

«የአያቴ አባት በበረዶ ወቅት ነው ከቤቱ የተባረረው። የመሬቱ ጌታ ሎንዶን ይኖር ነበር። የእኛን ሐይቅ በሕልሙም አላየው። ኪራዩን የሚሰበስበው፣ ሰውን የሚያስወጣው ምስለኔው ነበር። እሱ ደግሞ የኛው ሰው ነው፤ ከእኛው ጋር ያስቀድስ ነበር። ጠዋት የቤቱን አሮጊት ጤና ጠይቆ፣ ከሰዓት ጣራውን በላያቸው አስነቀለው። ሐይቁ ዳር የቀረው ግድግዳ ያ ነው።» የሐውልቱን ጠርዝ በመዳፋቸው ዳሰሱ። «ዴክላን ያንን ግድግዳ እያነሳ ነው አንጀቴን የበላኝ።»

አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ ልል ነበር፤ ተውኩት። እንዲያውም ዴክላን ክፉ ሰው ነው ብዬ አላስብም። እንጀራው ነው። ምስለኔውም እንጀራው ነበር።

«ወይዘሮ ኖሪን» አልኳቸው፣ «እኔ የሚገባኝ እንዲህ ነው። ባዕድ ማለት ከሩቅ የመጣ ሰው አይደለም። ባዕድ ማለት ቤቱን ይዞ የማይኖርበት ነው፤ ሉክሰምበርግ ይቀመጥ፣ ደብሊን ይቀመጥ ለውጥ የለውም። ነርሷ ብትገባ በረዶ ሲጥል ደጃፋችንን የሚጠርግ ሰው ይኖራል። ጣራው ቢያፈስ የራሷ ነውና ታሠራዋለች። ልጅቷ እዚሁ ትምህርት ቤት ትገባለች፤ ተማሪ አጥቶ ሊዘጋ የነበረው ክፍል አይዘጋም። ኩባንያው ግን የሚፈልገው በየወሩ ከዚህ ወጥቶ የሚሄደውን ብቻ ነው። ጎረቤት በአክሲዮን አይሆንም።»

«ጩኸታቸው ቢያስቸግርዎትስ?»

«ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ ያስቸገረኝ ጸጥታው ነው» አልኳቸው። እንዲህ ብዬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር።

ወይዘሮ ኖሪን አንዴ እኔን፣ አንዴ ሐውልቱን ተመለከቱ። ከዚያ ወደ ኢመር ዞረው «አንቺ ልጅ፣ የደላላዬን ቁጥር ፈልጊልኝ፤ መነጽሬን ቤት ረስቻለሁ» አሏት። ነገ ጠዋትን አልጠበቁም።

በማግስቱ ምሽት ነርሷ ሊንሲና ባሏ ቢጆ ሊያመሰግኑ ወይዘሮ ኖሪን ቤት መጡ፤ እኔም በጎረቤትነት ተጠርቼ ነበር። ቢጆ ዝምተኛ ነው፤ የሻይ ስኒውን በሁለት እጁ ይዞ ፈገግ ብሎ ቀረ። ሊንሲ ግን ዓይኗ እንባ ሞልቶ «ይሰጡናል ብለን አላሰብንም ነበር፣ እትዬ። አቶ ዴክላን ሊገዛው ነው ሲባል ሰምተን ተስፋ ቆርጠን ነበር» አለች።

«ዴክላንን ከየት ታውቂዋለሽ?» አሏት ወይዘሮ ኖሪን።

«አሁን የምንኖርበትን ቤት ያከራየን እሱ ነው። ባለፈው ወር ‹ለልጃችሁ ሰፋ ያለ ቤት ላገኝላችሁ ነው፤ ጓሮው ላይ ዛፍ አለው፣ ኪራዩ ግን ከፍ ይላል› ብሎን ነበር። ይሄ ቤት መሆኑን ያወቅነው ለማየት መጥተን ዛፉን ስናይና የእሱን ስም ስንሰማ ነው።»

ወይዘሮ ኖሪን ስኒያቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። «ማለት ቤቱን ለእሱ ብሸጥለት…»

«ያው እኛው ነበርን የምንገባበት» አለች ሊንሲ፤ «በኪራይ።»

ወይዘሮ ኖሪን መጀመሪያ ደነገጡ፣ ቀጥሎ ሳቁ፣ ሳቁም ወደ እንባ ተለወጠ። የሊንሲን እጅ ያዙና «ልጄ፣ እናንተን አላስገባም ብዬ» አሏት፣ «የሉክሰምበርግ ጌታ ልሾምባችሁ ነበር። በመምህር ኮልማንም ግድግዳ ላይ ጭምር።» ከዚያ ወንበራቸው ላይ ደገፍ ብለው፣ ከብዙ ቀን በኋላ፣ እፎይ አሉ።