ሣሩን ያጨዱበት ሜዳ

ሆላንድ፣ ዴን ሃግ ከተማ ትራም ውስጥ፣ ከፊት ለፊቴ አንዲት ሐበሻ ሴት ረጅም ቦርሳ ከያዙ አዛውንት አጠገብ ተቀምጣ ሰላም አለቻቸው።

«አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የጎልፍ ዱላ።»

«ጎልፍ ይጫወታሉ እንዴ?»

«ቅዳሜ እጀምራለሁ። መጀመሪያ እዚሁ ባሕሩ ዳር፣ አሸዋማው ኮረብታ ላይ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ ሮተርዳም አጠገብ፣ ዛፍ መሃል ያለው ሜዳ።»

«ከማን ጋር?»

«ከአለቃዬ ጋር። የባሕሩን ሜዳ ሣር አሥራ ስምንት ዓመት ሳጭድ ኖሬያለሁ። ጡረታ ልወጣ ስል የእጅ ሰዓት ልስጥህ አለኝ። ‹ሰዓትስ አለኝ፤ ይልቅ አብረን እንጫወት› አልኩት።»

«ቢያሸንፍዎትስ?»

«የዚያን ሜዳ ነፋስ ከእኔ በላይ አያውቀውም፣ ልጄ።»

መውረጃዬ ሲደርስ፣ ሳላውቃቸው እጅ ነስቻቸው ወረድኩ።