ለጥገና የተወሰደው ልብ ወለድ

እንደምን አደርሽ፣ የኔ ቆንጆ? ቤት ሰላም ነው? ልጁ ጥርስ አወጣ? እሰይ፣ ይንከስልሽ! እኔማ ሙጫው እስኪደርቅልኝ ካንቺ ጋ ትንሽ ላውጋ ብዬ ነው ከጥረዛ ክፍል ብቅ ያልኩት። ተይው፣ በሩን አትዝጊው... ሙቀቱ አይቻልም። የቤተ መጻሕፍታችን ኃላፊ እንደሆኑ ውስጥ ቢሯቸው ሥራ ላይ ናቸው፤ የኛ ወሬ መቼ ይሰማቸዋል?

ምነው ፊትሽ ጠቆረ? ተራ ጠባቂዎቹ ናቸው? ስንት ደረሱ? ሃያ ሦስት! ለአንድ ልብ ወለድ ሃያ ሦስት አንባቢ... አይፈረድባቸውም። ያ የድሮ ኮሌጅ፣ ያ ጭጋግ፣ የሞተ ቋንቋ የሚያስተምረው ዝምተኛ መምህርና አምስቱ ተማሪዎቹ፣ አንደኛዋ ንባብ ጠረጴዛ ላይ እንደተደፋች ሞታ ስትገኝ... ውይ! ስነግርሽ እንኳ ሰውነቴን ወረረኝ። ተገነጣጥሎ ለጥገና የመጣልኝ ቀን እስቲ ልየው ብዬ ገለጥኩት፤ ሻዬ ቀዘቀዘ፣ ቀኑ መሸ። በዚህ ዕድሜዬ በመጽሐፍ ፍቅር ተያዝኩ ብልሽ ትስቂብኛለሽ? ሳቂ። ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ፣ መምህሩ አንዲት ደብዳቤ ሲያቃጥል፣ ምሳ ሰዓት ደረሰ። በልቼ ስመለስ ጠረጴዛው ባዶ።

የምን መስረቅ? አንቺ ደግሞ! እንዲህ ያለ ቃል ካፍሽ አይውጣ። አንድ ደግ ሰው ናቸው የወሰዱት። መዝገቡን አላየሽም? «ለጥገና» ተብሎ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም አርፎበት! የትኛው ሌባ ነው ማኅተም የሚመታው? ይኸው አምስት ወሩ፣ ጥገና ላይ ነው። ጠጋኟ እኔ ነኝ... እኔ ግን አላየሁትም። ምን ይታወቃል፣ አንዳንድ ሰው በዓይኑ ይጠግን ይሆናል።

ሰውየው መቼም ማንበብ ያውቁበታል። እንዳያልቅባቸው በቀን ሁለት ገጽ ብቻ ነው አሉ፤ ጽዳቷ ናት ያየቻቸው። መብራት አጥፍተው፣ ሻማ አብርተው! በዚህ ሙቀት እንደ መምህሩ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጥቁር ኮት አሰፍተዋል። ላቡ ሲንቆረቆር ደግሞ እንዴት ያምርባቸዋል! በመምህሩ የመጣባቸው እንደሆነ ግን ወዮለት። «እንዲህ ያለ ንጹሕ ሰው አልተፈጠረም» እያሉ ከጽዳቷ ጋር ሳይቀር ይሟገቱለታል። ለሚስታቸው እንኳ አንድ ቀን እንዲህ ተከራክረው አያውቁም ይባላል። ታድሎ!

አንድ ነገር ብቻ ያሳዝነኛል... መጽሐፉ ሲመጣ የመጨረሻዎቹ አሥራ ስድስት ገጾች ወልቀው ነበር። እነሱን ለብቻ ሙጫ ቀብቼ ከክብደት ሥር አስቀምጫቸዋለሁ። ሰውየው በጥድፊያ ሲያነሱት ማን ይቁጠረው? ገጽ መቁጠር የኛ የጠራዦቹ ሥራ ነው፤ ትልቅ ሰው ለምን ይድከም?

እኔ እንኳ አምስት ወር ሙሉ አላነበብኳቸውም። ሲያቅበጠብጠኝ ጀርባዬን እያዞርኩ ነው የሠራሁት። መሃሉን ሳላይ መጨረሻውን? አንድ ቀን ይመልሱልኛል፣ ከምዕራፍ ዘጠኝ እቀጥላለሁ እያልኩ። ትናንት በትሕትና «ያ መጽሐፍ የት ደረሰ ይሆን?» አልኳቸው። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ጥረዛ ክፍልን ጠይቂ!»

ጠየቅኋት፤ ራሴን። ከዚያ ቁጭ ብዬ አሥራ ስድስቱንም አነበብኩ። አለቀስኩ፣ አልዋሽሽም። እንደዚያ የወደድኩትን ነገር መሃሉን ሳላይ ጨረስኩት።

ምንድነው ውስጥ የወደቀው? ወንበር ነው? ነፋስ ይሆናል፣ ተይው። እሳቸውም ዛሬ ነው አሉ የሚጨርሱት። ተጣጥበው፣ ኮታቸውን ተኩሰው...

በይ ልሂድ፣ ሙጫዬ ደርቋል። ብቻ እኒያን ደግ ሰው ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ቤታቸውን ይባርክ፣ የዓይናቸውን ብርሃን አያሳጣቸው። በክፉ ቀናቸውም እንደ እሳቸው ያለ ታማኝ ወዳጅ ይዘዝላቸው፦ ያ መምህር በመጨረሻው ገጽ ላይ «መርዙን ሻይዋ ውስጥ የጨመርኩት እኔ ነኝ» ብሎ ሲናዘዝ በጆሮው እየሰማ እንኳ፣ «የኔ ሰው ንጹሕ ነው» የሚል። አሜን በይ እንጂ፣ የኔ ቆንጆ!