እሑድ ማን ማን ቤት ሄደ

ክቡራትና ክቡራን፣ የጋዜጣችን ባልደረቦች፤

ስለ ስንብት ምሳውና ስለ ፖም ኬኩ አመሰግናለሁ። በኬኩ ላይ ስሜ ያለ ስሕተት ተጽፏል፤ ከእናንተ መካከል አንድ ሰው ከእኔ ተምሯል ማለት ነው።

«እሑድ ማን ማን ቤት ሄደ» በሚለው ዓምዴ ስትቀልዱ እሰማለሁ። ወይዘሮ ኤልቪና ከትልቁ ከተማ ከፋርጎ የመጣች ልጃቸውን ምሳ ጋበዙ። ይህ ዜና ነው? የፋርጎ ሰው ይስቅብናል። እኛ ግን ጋዜጣው ሐሙስ ሲደርሰን ከከንቲባው ንግግር በፊት የምናነበው እሱን ነው።

ባለፈው ጥቅምት አዲሱ ባለቤታችን አቶ ግራንት ዓምዱም ከእኔ ጋር ጡረታ እንዲወጣ ወሰኑ። ቦታው ለማስታወቂያ ይፈለጋል አሉ። ተከራከርሁ፤ አልሆነልኝም።

በዚያው ሳምንት ኦርቪል ስቴንስሩድ ደወለ። በጸደይ ሚስቱ የሞተችበት፣ ከከተማው ዳር ብቻውን የሚኖር ገበሬ ነው።

«አርዲስ፣ ጻፊ። እሑድ እኔ ቤት ማንም አልመጣም።»

«እኛ የምንጽፈው የመጣውን ነው» አልሁት።

«የሆነውን ነው የምንጽፈው ስትይ አልነበር? የሆነው ይኼ ነው።»

አንድ ቃል ሳልጨምር በዓምዴ አወጣሁት።

በሚቀጥለው እሑድ በደጁ የተደረደረው መኪና ዋናው መንገድ ደረሰ። ሰኞ ጠዋት ደውሎ ተቆጣኝ። ወንበር አልበቃውም፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች የማይጨርሰውን ምግብ ትተውበት ሄደዋል፤ አቶ ግራንት ደግሞ ባልዲ ገልብጠው ተቀምጠው እስኪመሽ አልተነሡም።

«ታዲያ ደስ አላለህም?»

«እሱን ተዪው። ይልቅ ስማቸውን ያዢ፤ አንድ ሰው ብትዘዪ እኔን ነው የሚቀየሙኝ።»

ዝርዝሩን ጽፌ ሳልጨርስ አቶ ግራንት ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥተው ቆሙ። ስለ ማስታወቂያ አላነሡም። «እርስዎ ሲሄዱ የዓምዱን ስልክ ማን ያነሣልናል?» አሉ።

ከማስታወቂያ ክፍል ጃኔል ቀና ሳትል መለሰች፤ «እኔ አለሁ፣ እትዬ አርዲስ።»

ጃኔል ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ስለ አየሩ አውርቶ አውርቶ ስልኩን የማይዘጋ ሰው ሲገጥምሽ አታቻኩዪው። የደወለበትን ገና አልነገረሽም።

ለሁላችሁም ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጣችሁ፤ ደጃችሁን የሚያንኳኳ አያሳጣችሁ። እኔም ከመጪው ሐሙስ ጀምሮ እንደ ማንም ሰው ጋዜጣዬን ገዝቼ አነባለሁ። ስማችሁን ከዓምዱ አያሳጣኝ።