ከመብረር በፊት ጎንበስ ማለት

የዘወትር ረዳት አብራሪያቸው ታሞ ባይቀር ኖሮ ካፒቴን ሃርካ ቦሆራ ከሱንኬሳሪ ሮካያ ጋር ባልተገናኙም ነበር። እሷ ከአብራሪዎች ትምህርት ቤት ከወጣች ገና ዓመቷ ነው፤ እሳቸው ግን በሱርኬት ከተማና በተራራ ላይ ባለችው በሲሚኮት መካከል ሲበሩ የሸበቱ ሰው ናቸው። ያን ጠዋት ከሱርኬት ወደ ሲሚኮት ለመብረር መንገደኞቹ ተሳፍረው፣ ካፒቴኑም ቀበቷቸውን አስረው ሲጠብቁ፣ ሱንኬሳሪ ከትንሿ አውሮፕላን ሆድ ሥር ተንበርክካ ጎማ ትዳብሳለች። ረፋዱ ላይ በተራሮቹ ነፋስ ስለሚነሣ፣ የዘገየ ሰው ያን ቀን አይሄድም።

«ልጄ፣ ዕቃ ጠፋብሽ እንዴ?» አሉ ካፒቴኑ በመስኮት።

«ጎማዎቹን እያየሁ ነው ካፒቴን።»

«ትናንት በገዛ እጄ ነው ያሳረፍኳት። ደህና ባትሆን አላውቅም ነበር?»

«ትናንት የተነሡት ከጠጠር ሜዳ ነው። ጠጠሩ ምኑን እንደመታ ከላይ ሆኖ አይታይም።»

«መካኒኩስ አይቷት የለ?»

«እሱ ያያት ማታ ነው። ቀስ ብሎ የሚያፈስ ነገር የሚታወቀው ሲያድር ነው። እባክዎ ወርደው ይመልከቱልኝ።»

እያጉረመረሙ ወረዱ። የግራው ጎማ የፍሬን ቱቦ ረጥቧል።

«ጤዛ ነው!»

«ጤዛ ቢሆን የቀኙም ይረጥብ ነበር» አለችና በጨርቅ አደረቀችው። «እርስዎ እዚህ ሆነው ይዩ፤ እኔ ገብቼ ፍሬኑን ልርገጥ።»

በረገጠች ጊዜ ዘይቱ ከቱቦው ላይ ፊጭ አለ። ካፒቴኑ ክው አሉ። የሲሚኮት ማኮብኮቢያ ዳሩ ገደል ነው፤ የቀኙ ፍሬን ይዞ የግራው ቢከዳቸው አውሮፕላኗ ወዴት እንደምትዞር ያውቁታል።

«ይህን ያህል ዘመን ሳላይ ስበር ምን ጠበቀኝ?»

«ዕድልዎ ጥሩ ነበር፤ ግን መንገደኛ በዕድል ላይ አይጫንም ካፒቴን።»

በረራው መቅረቱ ሲነገር ከመንገደኞቹ አንዲት አሮጊት ተቆጡ። «ልጅቷ ፈርታ ነው! አንተ ትልቁ ሰው ምን ነካህ? የልጅ ልጄ ሠርግ እኮ ነገ ነው!»

«እናቴ፣ ነገ በጠዋት አደርስዎታለሁ» አሉ ካፒቴኑ። «ዛሬ ብንሄድ ግን የሠርጉን ቤት ለቅሶ ቤት ልናደርገው ነበር። እኔም እንደ እርስዎ ስሟገት ነበር፤ በዓይኔ አይቼ ተረታሁ።»

መካኒኩ ቱቦውን ለወጠው። በማግስቱ ሱንኬሳሪ ስትደርስ ካፒቴኑ ቀድመዋት በአውሮፕላኗ ሥር አጎንብሰው አገኘቻቸው። ሲሚኮት ላይም ፍሬኑን ሲይዙ አውሮፕላኗ ወዲያና ወዲህ ሳትል ቀጥ ብላ ቆመች። እንግዲህ ከመብረር በፊት አውሮፕላኑን ዞሮ መመልከት የፈሪ ሥራ አይደለም፤ የሰው ነፍስ ያድናል፣ በትንሹ የሚጠገነው ነገር ትልቅ ስብራት እንዳይሆን ያደርጋል፣ አብራሪውንም ልቡ ሳይሰጋ ያሳርፈዋል።

አሮጊቷ ጓዛቸውን ይዘው ሲወርዱ ወደ ሁለቱ ዞሩ።

«ሁለታችሁም ሠርጉን ብሉ። አንቺ ግን» አሉ ሱንኬሳሪን እየጠቆሙ፣ «ድስቱን ከሥር ካልመረመርኩ አልበላም እንዳትዪ!»

ካፒቴኑ ከትከት ብለው ሳቁ። «እኔም አብሬያት ነው የማጎነብሰው፤ ይወቁት!»